የፋሲካ ሌሊት ሒሳብ

ሌላው ነጋዴ የወሰድከውን ቆጥሮ ያስከፍልሃል። ዲማንድ ቻርጅ የሚባለው የመብራት ክፍያ ግን ከዚህ ረቀቅ ይላል፤ ምን ያህል ቸኩለህ እንደወሰድክም ይመዝናል።

ሲ.ኤም.ሲ.፣ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ስሪ ፌዝ አስገብቶ በኢንዱስትሪ ታሪፍ የሚከፍል አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ እንበል። ቆጣሪው ሁለት ነገር ይይዝበታል። አንደኛው የወሩ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በእሱ ጠብ የለንም። ለሁለተኛው፣ እንደተለመደው አሠራር፣ ወሩን በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ይሸነሽንና ብዙ ኃይል የተሳበባትን አንዷን ይመርጣል። የ30 ቀን ወር 2,880 ሩብ ሰዓት አለው። 2,879ኙን በጨዋነት ብታሳልፍ የሚያመሰግንህ የለም፤ በአንዷ ብታጠፋ ወሩ በሙሉ በእሷ ስም ይጠራል።

ባለቤቱን ላለመስረቅ፣ ሐሳቡ የእኛ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1892 ነው ያመጣው፤ ያለውም ልክ ነበር። ኤሌክትሪክ ሻጭን ገንዘብ የሚያስወጣው የሸጠው ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው በፈለገ ሰዓት ለመሸጥ ተዘጋጅቶ መቆሙም ነው። መስመሩም ትራንስፎርመሩም የሚተከለው በከፍተኛው ፍላጎት ልክ ስለሆነ፣ ደንበኛው ለዝግጁነቱ ይክፈል አለ። የብራይተኑ አርተር ራይት መለኪያውን ሠራ፤ ሳሙኤል ኢንሰል ደግሞ ዘዴውን ቺካጎ አደረሰው። እኛ ዘንድም ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ባደገው ታሪፍ ውስጥ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች በኪሎዋት ተተምኖ ተቀምጧል። መብራት በማይጠፋበት አገር ብሆን ይህን ክፍያ ስሞግት ራሴ በተሸነፍኩ።

እኛ ያለነው ግን ሲ.ኤም.ሲ. ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ እንበል። ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ፍሪጁ መቅለጥ ይጀምራል። ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ኩፍ ለማለት ሲለግም ያደረው ሊጥ፣ ጌታው ሲቸገር ይወዳል መሰል፣ ድንገት ጎብዞ ከገንዳው ይፈሳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰፈሩ በአንድ አፍ «መጣ!» ይላል። ጋጋሪውም ሁለቱን ምድጃ፣ ማቡኪያውን፣ ፍሪጁንና የውኃ ማሞቂያውን ባንዴ ይለኩሳል። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኃይል የሰከንዶች ጉዳይ ስለሆነ በሩብ ሰዓቱ አማካይ ውስጥ ይሟሟል። የቀዘቀዘ ምድጃ ግን በሩብ ሰዓት አይጠግብም። በደህና ቀን በተራ እያበራ ከ25 ኪሎዋት የማያልፈው ሰውዬ 40 ይገባል። ለሒሳብ እንዲመቸን በኪሎዋት 200 ብር ብንል፣ የዚያች ጠዋት ችኮላ 3,000 ብር ጨመረች። በዚያች ሩብ ሰዓት የተጠቀመው ኃይል ስንት ነው? 10 ኪሎዋት ሰዓት።

ባለ ሉካንዳዎቻችን ይህን አለመማራቸው ያሳዝናል። ቢማሩማ፣ 55 ቀን በሩን ዘግቶ ያጾመህ ሉካንዳ፣ የፋሲካ ሌሊት ይከፍትልህና እንደ ሰው ትበላለህ። ከዚያ «ለካ ይህን ያህል ነው የምትችለው!» ብሎ የወሩን ሒሳብ በዚያች ሌሊት አፍህ ልክ ይጽፍልሃል። ስላጾመህ ግን የአገልግሎት ክፍያ አልጠየቀህም፤ ደግነት ማለት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ለአካባቢው ባለሙያዎች ምክር አለኝ። መብራት ሲመጣ አትደሰቱ፤ ደስታ ኪሎዋት ነው። ጋጋሪው አንዱን ምድጃ ለኩሶ ሌላውን በትዕግሥት ይጠብቅ፤ እስከዚያው ለዳቦ የተሰለፈውን ሰው ስለ ሎድ ፋክተር፣ ማለትም አማካይ ፍጆታው ከከፍተኛው ስንት እጅ እንደሆነ፣ ያስተምር። እንጨት ቤቱ መጋዙን፣ ብየዳ ቤቱም ማሽኑን ከሰዓት በኋላ ያስነሣ፤ መብራቱ እስከ ከሰዓት በኋላ ከቆየ።

ኃይል አነሰ ተብሎ እንዳይታማ፣ 5,150 ሜጋዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ችግሩ ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ አይደለም፣ ከሰብስቴሽኑ እስከ ቆጣሪህ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው ይሉሃል። ይሁን። ዲማንድ ቻርጁስ ለዚያችው መንገድ አይደል የሚሰበሰበው?

ሥራው ፍጹም እንዲሆን አንዲት ማሟያ ብቻ ትጨመርበት። ደንበኛው በወሩ በከፋችው ሩብ ሰዓቱ ይመዘን፣ ሻጩም በወሩ በረዘመችው ጨለማው። ያቺ ጨለማ ዝግጁነት በተከፈለበት ኪሎዋት ልክ ተተምና ከቢሉ ትቀነስ። መለኪያ የለም አይባልም፤ ዘመናዊው ዲጂታል ቆጣሪ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት መዝግቦ መያዝ ይችላል። የጎደለው ቢሉ ላይ አንድ መስመር ነው፤ እሱንም ዲማንድ ቻርጁ ቦታውን ይዞበት ይሆናል።