ስለ ዘለላችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን

144 የማንጋ ምዕራፍ በ11 ክፍል ሠርቶ ማስረከብ የዋዛ ሥራ አይደለም። «ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ» የተባለው የጃፓን አኒሜ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2021 በታየው ሁለተኛ ሲዝኑ ይህን ገድል ፈጸመ፤ ከተመልካች ያተረፈው ግን ስድብ ብቻ ሆነ። የሠራው ስቱዲዮ፣ ክሎቨርዎርክስ፣ አንድ ደህና ምስጋና እንኳ አልደረሰውም። ሰው ውለታ ይረሳልና እኔ ላድርስለት።

አስቀድመን ግን የቀድሞውን ኃጢአት እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታየው የመጀመሪያው ሲዝን በ12 ክፍል የተረከው 37 ምዕራፍ ብቻ ነበር። ለአንድ ክፍል ሦስት ምዕራፍ! ግሬስ ፊልድ በሚባል ማሳደጊያ ወላጅ አልባ ልጆች ይኖራሉ። ነጭ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ ቁጥር ተነቅሰው፣ «እማዬ» የሚሏት ኢዛቤላ አብልታ አጠጥታ፣ ፈተና እየፈተነች ታሳድጋቸዋለች። አንድ ምሽት ኮኒ የምትባል ሕፃን አሳዳጊ ተገኘላት ተብላ ትሸኛለች። የረሳችውን የጥንቸል አሻንጉሊት ሊያደርሱላት ከልጆቹ መካከል ኤማና ኖርማን ወደ ተከለከለው በር ይሮጣሉ፤ የሚያገኙት ሬሳዋን ነው። ለካ ማሳደጊያው እርባታ ነው፤ ልጆቹ የጭራቆች ቀለብ ናቸው፤ ፈተናውም የማን አንጎል ይበልጥ እንደሚጣፍጥ መለያ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ እስከ ሲዝኑ መጨረሻ ከግቢው አንወጣም ማለት ይቻላል። ኢዛቤላ ኮሪደሩ ላይ ትራመዳለች፤ የእግሯ ኮቴ ይሰማል፤ ጓደኛቸው ሬይ ከመጽሐፉ ላይ ዓይኑን ያነሣል፤ እኛ ትንፋሻችንን እንውጣለን። ማን ሰላይ ነው? ልጆቹ ለማምለጫ የደበቁትን ገመድ አይታዋለች ወይስ አላየችውም? አንዲት በር እስክትከፈት ድረስ በፈጀነው ጊዜ ሁለተኛው ሲዝን አንድ ጦርነት ጀምሮ፣ ጨርሶ፣ ባላንጣዎቹን አስታርቆ ነበር። ተመልካች ያን ሁሉ ጭንቀት ምን አድርጎ ቻለው!

ሁለተኛው ሲዝን ይህን አረመ። በእርግጥ ያመለጡት ልጆች ጫካ ውስጥ ሲንከራተቱ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትንሽ የድሮው አመል አለባቸው፤ ሶንጁና ሙጂካ ከተባሉት ሰው የማይበሉ ጭራቆች ጋር ቁጭ ተብሎ ይወራል፣ አደን ይለመዳል። ወዲያው ግን ነቅተዋል። በማንጋው ውስጥ ጎልዲ ፖንድ የሚባል ስውር መንደር አለ፤ መኳንንት ጭራቆች ልጆችን ለመዝናኛ የሚያድኑበት፣ ልጆቹም ተደራጅተው የሚነሡበት፣ ሠላሳ ያህል ምዕራፍ የፈጀ፣ ብዙ አንባቢ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ክፍል ነው። ዘለሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እነሱ ግን ለመታጠቁም ጊዜ አላባከኑም።

ስለ ዩጎ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ዩጎ ጓደኞቹ በሙሉ አልቀዋል ብሎ በማመን በአንድ መጠለያ ውስጥ ለ13 ዓመት ብቻውን የኖረ፣ ከብቸኝነት ብዛት አእምሮው የተነካ፣ ልጆቹን መጀመሪያ በሽጉጥ የተቀበለ፣ ኋላ ግን አባት የሆነላቸው ሰው ነው። ማንጋው ውስጥ ለእነሱ ሲል ይሞታል፤ አንባቢም ያለቅሳል። ስቱዲዮው ይህን ሐዘን ሊያሳየን አልፈቀደም፤ ዩጎን ከነጭራሹ እንዳይኖር በማድረግ ከሞት አተረፈው። በአኒሜው ልጆቹ መጠለያው ሲደርሱ ማንም የለም። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየት ይገኛል?

ኖርማንም ከዚህ ፍጥነት ተቋድሷል። ሞቷል ስንለው ይመለሳል፤ የጭራቆችን ዘር በሙሉ ለማጥፋት ያቀደ፣ እጁ በደም የተነከረ መሪ ሆኖ። ለዓመታት የሚያከራክር ጉዳይ ነው፤ ወዳጅህ ለአንተ ሲል እልቂት ቢደግስ ምን ትለዋለህ? አኒሜው አያንዛዛም። ኖርማን ይቆጣል፣ ያያል፣ ያለቅሳል፣ ይተወዋል። በሚቀጥለው ክፍል ሥራ አለና።

ጊዜ የለም የምትሉ ካላችሁ ግን ተሳስታችኋል። ከአምስተኛው ክፍል በኋላ፣ በስድስተኛው ፋንታ፣ እስከዚያ ያየነውን መልሶ የሚያሳይ ክለሳ ተላልፏል። ለጎልዲ ፖንድ ያልተገኘ ሰዓት ያየነውን ለመድገም ተገኘ።

የመጨረሻው ክፍል ግን የጥበቡ ጫፍ ነው። ልጆቹ ወደ ሰዎች ዓለም የሚወስደው በር ደጃፍ ላይ ደርሰዋል። ኤማ ገና የሚቀራት ሥራ ስላለ ከጭራቆቹ ዓለም እንደምትቀር ትናገራለች። ጥሩ፤ ምን ልትሠራ ነው ብለን ጆሯችንን ስናቀና ሙዚቃ ይጀምራል፤ የማይንቀሳቀሱ ሥዕሎች ተራ በተራ ያልፋሉ። አዲስ ቃል ኪዳን ሲታሰር፣ የጭራቆቹ ዓለም ሲለወጥ፣ ደራሲው ዓመታት የደከመባቸው ምዕራፎች ሁሉ ልክ የሰርግ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ሙሽሮቹ በዘፈን ታጅበው እንደሚደረደሩት ፎቶግራፍ ፈሰሱ። አንድ ጭንቅላት ያለው ተመልካች «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጨርስ ኤማ ወንድም እህቶቿን ልታቅፍ ሰዎች ዓለም ደርሳለች። አኒሜሽን ማለት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው የሚል ግትር ካለ ራሱን ያርም።

የማንጋው ደራሲ ካይዩ ሺራይ በሲዝኑ ድርሰት ላይ ራሱ እንደሚሳተፍ አስቀድሞ ተነግሮን ነበር፤ እኛም «ከባለቤቱ በላይ ማን ያውቃል» ብለን ተረጋግተናል። በመጨረሻው ክፍል ማሳረጊያ ላይ ከድርሰቱ ሠሪዎች መካከል ስሙን ብትፈልጉ አታገኙትም። ሰው በሥራው እንዲህ ሲኮራ ስሙን መሰወሩ ትሕትና ይሆናል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ስቱዲዮው ሰነፍ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ክሎቨርዎርክስ በዚያው ወቅት «ሆሪሚያ» እና «ወንደር ኤግ ፕራዮሪቲ» የተባሉ ሁለት ሌሎች ተከታታዮችም በአየር ላይ ነበሩት። የኋለኛው እንኳ በሰዓቱ ማለቅ አቅቶት ፍጻሜው ወደ ጁን ተላልፏል። ሠዓሊዎቹ እንቅልፍ ያጡት ሰነፎች ስለሆኑ ነው እንበል? ገንዘቡን የሚያወጣው፣ ቀኑን የሚቆርጠው፣ ስንት ክፍል እንደሚሠራ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴ ነው፤ አሳታሚ፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ዲስክ ሻጭ እያዋጡ የሚገቡበት የአክሲዮን ማኅበር መሰል ነገር። ትርፍ ሲመጣ በየድርሻው ይከፈላል። ስድብ ሲመጣ ግን የሚደርሰው ለሥዕሉ በቁራጭ ለሚከፈለው ልጅ ነው፤ አክሲዮን የሌለው እሱ ብቻ መሆኑ ነው።

ማንጋው ደግሞ በጁን 2020 አልቋል። ለዚህ ነገር ትኩረት የሰጠ ሰው አላየሁም። በየሳምንቱ የሚወጣ መጽሔት ላይ ያለ ታሪክ ማስታወቂያ ይሻል፤ ያለቀ ታሪክ ምን ማስታወቂያ ያስፈልገዋል? መደርደሪያው ይጠረግ፣ ሒሳቡ ይዘጋ። እንግዲህ ተሰብሳቢዎቹ እንዲህ ብለዋል አልልም፤ ሥራው ነው የሚመስለው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 11 ክፍል በዝቷል። መጨረሻው በሥዕል ድርድር ካማረ፣ መጀመሪያውስ ለምን ይንቀሳቀሳል? በዚህ አያያዝ ሲዝኑ በሙሉ በአንድ ፖስተር ያልቅ ነበር። ይህን ጥበብ ገና ያልተረዳና ኤማ በሙዚቃው መሃል ምን እንዳደረገች ማወቅ ያማረው ካለ፣ ከማንጋው 20 ቅጾች ውስጥ አምስተኛውን ገዝቶ ይጀምር። አሥራ አምስት ይቀሩታል፤ በየመደብሩ አሉ፣ ዋጋቸውም አልተዘለለም።