የሲትኮም ዕድር ይቋቋምልን

ስለ አንድ ድራማ ለመናገር ድራማውን ማየት ያስፈልጋል የሚለው ኋላቀር አስተሳሰብ ከመካከላችን እየጠፋ ነው፤ እንኳን ደስ ያለን። የዛሬው ብቁ ተመልካች የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ ፍርዱን ሰጥቶ የሚገላገል ነው። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሐበሻ ባለበት ሳሎን ሁሉ እንዲህ ያለ ዳኛ አይጠፋም። ለእኛ ቤት የደረሱን ጋሼ ናቸው።

አዲስ ተከታታይ ድራማ ሲከፈት ጋሼ የሶፋውን ጥግ ይይዙና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን ያወጣሉ። ዓይናቸው ስልኩ ላይ፣ ጆሯቸው ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አፋቸው እኛ ላይ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ቀና ይሉና «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውዬው ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው። ድራማው ከጀመረ ወዲህ ከስክሪኑ ወርዶ አያውቅም። «አይ የዘንድሮ ድራማ! ድሮ ቀረ እኮ። ‹ፍሬዠር›ን መልሰው ቢሠሩልን ምን ነበረበት?» ሳሎን ሙሉ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ቡናም ይቀዳል። ድራማው ግን አለቀለት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም።

ጥቅሙን ለማያውቅ ላስረዳ። «ሰክሰሽን» 39 ክፍል ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ አራት ወንድማማችና እህት በአባታቸው ወንበር ሲፋጁ ከማየት «ሀብታም ሲሰዳደብ ምን ያስደስታል?» ብሎ መገላገል ስንት ጊዜ ይቆጥባል! «ሴቨራንስ» ከመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ሦስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ሳያዩ የፈረዱት ወገኖቻችን ግን አንድ ቀን እንኳን አልጠበቁም። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በ2019 ሲያበቃ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን ብለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመዋል። ለመንገድና ለውሃ እንዲህ ተሰልፎ የፈረመ ሕዝብ አይቼ አላውቅም።

የጋሼን ልመና የሚሰማ የለም እንዳትሉ። የቴሌቪዥን ኩባንያ ያልታወቀ ደራሲ ከሚያምን የታወቀ ስም ቢያድስ ይመርጣል፤ ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነዋ። ስለዚህ «ፉል ሐውስ» በ2016 «ፉለር ሐውስ» ተብሎ መጣ። በ2018 «ሮዛን»ና «መርፊ ብራውን»፣ በ2023 ደግሞ «ናይት ኮርት»ና «ፍሬዠር» ተከተሉ። «ዊል ኤንድ ግሬስ» በ2006 ሲሰናበት ሁለቱ ጓደኛሞች ልጅ ወልደው፣ ልጆቹም አድገው አሳይቶን ነበር። በ2017 ሲመለስ ያ ሁሉ ካረን የተባለችው ጓደኛቸው የቃዠችው ነበር ተባልን። ልጆቹ የት እንደገቡ የጠየቀ ዘመድ አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። የሚመለሰው ሲትኮም (አስቂኝ ተከታታይ ድራማ) ሁሉ ሬሳ ይዞ ነው የሚመለሰው። የፍሬዠርን አባት ይጫወት የነበረው ጆን ማሆኒ በ2018 ስላረፈ አዲሱ «ፍሬዠር» የተከፈተው አባትየው ተቀብረው ሲያበቃ ነው፤ ሰዎቹ የሚሰባሰቡበት መጠጥ ቤትም «ማሆኒስ» ተብሎ በሟቹ ስም ተሰየመ። «ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» በ2021 በሌላ ስም ሲመለስ፣ ስንት ምዕራፍ ሙሉ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ አገባት አላገባት ስንል የኖርንበት ሰውዬ በመጀመሪያው ክፍል ቤቱ ውስጥ ብስክሌት ጋልቦ እንደጨረሰ ልቡ ቆመ። የ«ሮዛን»ን ጉድ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ለመሳቅ የተጠራ ሰው ለቅሶ ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማየት ስላልቻልኩ መፍትሔ ይዤ መጥቻለሁ፤ ዕድር እናቋቁም።

ስሙ «የድሮ ሲትኮሞች መረዳጃ ዕድር» ይሁን። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ዕቃ ግምጃ ቤት ይኖረዋል። ዳኝነቱ ለጋሼ ነው፤ ምርጫ አያስፈልግም፣ ፊትም ፈራጅ ነበሩ። አንድ ኩባንያ የድሮ ሲትኮም ሊመልስ መሆኑን ባስታወቀ ማግስት ጡሩንባ ነፊው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ንጋት ላይ እየዞረ «የዕድራችን አባል የሆነው ሲትኮም ስለሚመለስ የቀብሩ ሰዓት ሐሙስ ማታ ነው፣ ያልተገኘ ይቀጣል!» ብሎ ይለፍፋል። ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራ ዕድሩ ጠበቃ ይቀጥራል። ድንኳኑ ሳሎን ውስጥ ይተከላል፤ ሶፋ ወጥቶ አግዳሚ ይገባል። ፈንዲሻ ለደስታ ስለሆነ ክልክል ነው፤ ንፍሮ ይዞራል። አባላት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቀመጡና ቀልድ በተነገረ ቁጥር በአንድ ድምፅ «እንደ ድሮው አይደለም» ይላሉ። በየቀልዱ መሀል የሚገባው የተቀዳ ሳቅ ይውጣና የተቀዳ ዋይታ ይግባበት። ሙሾ አውራጇ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ቀልድ እየመረጠች ታስለቅሳለች፤ ተዋናዮቹ ራሳቸው ከስክሪኑ ሆነው ቢያለቅሱ ደግሞ ሰልስቱ ያምራል። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ለመልክ ይተዋል፤ «እንዴት አርጅቷል በናታችሁ!» የሚል አባል ቢያንስ የራሱን የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ለጉባኤው ያሳይ።

ክርክር የሚነሳው ሒሳቡ ላይ ነው፤ ይኸው ወደ «ሮዛን» ደረስን። በ1997 ሲትኮሙ ሲያልቅ ሮዛን ባሏ ዳን በልብ ድካም መሞቱን ነገረችን። ዕድር ቢኖረን ገንዘቡ ያኔ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ዓርባው ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ ሃያ ጊዜ ተዘክሮ ነበር። በ2018 ሲመለሱ ዳን ከአልጋው ላይ የመተንፈሻ ጭንብል እንዳጠለቀ ብድግ አለ። አልሞተም! እንግዲህ የበላነው ንፍሮ ይመለስ? ገንዘብ ያዡ «ይመለስ» ይላል፣ ጸሐፊው «የሞተ ሰው ተነስቶ ሲመጣ ደስታ ነው፣ ተጨማሪ መዋጮ ይውጣ» ይላል፤ ጉባኤው ለሁለት ይከፈላል። ይህ ሳይቋጭ ዋናዋ ተዋናይት ትዊተር ላይ በለጠፈችው የዘረኝነት ጽሑፍ የተነሳ ኤቢሲ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሲትኮሙን ሰረዘው። በመከር ወራት «ዘ ኮነርስ» ተብሎ ያለ እሷ ሲቀጥል ሮዛን በሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ብዛት ሞታ ጠበቀችን። ባል ተነሳ፣ ሚስት ሞተች። አንድ ቤት፣ ሁለት ቀብር፣ አንድ ትንሣኤ፤ ያውም ትንሣኤውና ሁለተኛው ቀብር በአንድ ዓመት ውስጥ! ይህን የሚችል የዕድር ካዝና የለም። ስለዚህ ወርኃዊ መዋጮው በእጥፍ ይደግ፤ ለሐሰተኛ ሞትም ቢሆን ገንዘቡ ሲወጣ ደራሲው በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ሟቹ ተመልሶ ከተገኘ ደራሲው ከነወለዱ ይክፈል። ጡሩንባ ነፊው ደግሞ «ሞቷል» ብሎ በለፈፈበት ሰፈር ሁሉ እየዞረ «አልሞተም» ብሎ ይለፍፍ፤ የእግር አበሉን ዕድሩ ይችላል።

ዕድር ሆኖ ለቀስተኛ የሚጠፋበትን ቀን ግን ደንብ አይሸፍነውም። አዲሱ «ፍሬዠር» በፓራማውንት ፕላስ ሁለት ምዕራፍ፣ 20 ክፍል ቆየ፤ በጥር 2025 ተሰረዘ። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ጋሼን ስንተኛው ክፍል ላይ እንደደረሱ ጠየቅኳቸው።

«ተመልሶ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ምን ሽሙጥ ይባላል። ይሄ ናፍቆት አይደለም፤ ስንፍና ነው። የድሮውን የሚጠራ ሰው ድሮውን ቢወድማ ተመልሶ ሲመጣ በር ላይ ይጠብቀው ነበር። እሱ የሚፈልገው አዲሱን የሚመታበት ዱላ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ «ፍሬዠር» ራሱ ከየት እንደመጣ መረሳቱ ነው። ሰውዬው መጀመሪያ የታየው «ቺርስ» ውስጥ ነው። «ቺርስ» በ1982 ሲጀምር በተመልካች ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። ኤንቢሲ ታገሰው፣ 11 ምዕራፍ ሄደ፣ ከጎኑም 11 ምዕራፍ የሄደ «ፍሬዠር» ወጣ። «ሳይንፌልድ» በ1989 የሙከራ ክፍሉ ለተመረጡ ተመልካቾች ሲታይ ደካማ ነው ተባለ፤ ኩባንያው በስንት ማመንታት የጨመረለት አራት ክፍል ብቻ ነው። ያን ቀን በኤንቢሲ ወንበር ላይ ጋሼ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ በአራተኛው ደቂቃ ቀና ብለው «ይሄ ሰውዬ ማነው? ‹አይ ላቭ ሉሲ›ን መልሱልን» ይሉ ነበር። እኛም ዛሬ የምንናፍቀው አናገኝም ነበር።

ይህ የፈረንጅ አመል ብቻ ነው ያለኝ ካለ ወደ አዲስ አበባ ይደውል። «ሰው ለሰው» ይታይ በነበረበት ጊዜ «ተንዛዛ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚል ስንት ሰው ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ያው ሰው «ድራማማ ‹ሰው ለሰው› ነበር» ይለኛል። ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት «እረኛዬ» ሲመጣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «‹ገመና›ን አያክልም» ያለኝ ዘመድ አለኝ። ሁለቱንም አይቷቸው እንደሁ አልጠየቅኩትም፤ መልሱን አስቀድሜ ስለማውቀው።

ኮስተር ልበል። የድሮውን ወዳጅነት በአግባቡ መወጣት እንደሚቻል ያሳየ ሥራ አለ። «ኢአር» የተባለው የሐኪም ቤት ድራማ ከ1994 እስከ 2009 ለ15 ምዕራፍ ታይቷል። በ2025 የዚያው ድራማ ሐኪም የነበረው ኖኣ ዋይሊ «ዘ ፒት» በተባለ አዲስ ድራማ ተመለሰ፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ሰው ሆኖ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 15 ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ የሥራ ፈረቃ ውስጥ ያለ አንድ ሰዓት። ያው «ኢአር» ነው ስሙን ቀይረው ነው በሚል ክስ ተመስርቶበታል፤ እሱን ፍርድ ቤት ይየው። እኔ የማየው ግን የድሮ ሬሳ ሳይጎተት፣ ማንም ከመቃብር ሳይነሳ፣ ጥሩ ድራማ መሠራቱን ነው። የኤሚ ሽልማት ሰጪዎችም በዚያው ዓመት ምርጥ ድራማ ብለውታል።

ጋሼ አላዩትም። «የሐኪም ቤት ድራማ ማለት ‹ኢአር› ነበር» ብለዋል።

«ፍሬዠር» ከነምዕራፉ፣ «ቺርስ» ከነመጠጥ ቤቱ አልጠፉም፤ የናፈቀው ሰው በከፈለበት መተግበሪያ ከፍቶ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ይይ፤ እኔም አብሬ አያለሁ፣ ቡናውም ከእኔ። አዲስ ድራማ ስከፍት ግን ጋሼ፣ እባክዎ፣ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱና ሁለት ክፍል እስክንጨርስ አይናገሩ። ሦስተኛው ላይ ቢጠሉት እኔው ራሴ አጠፋዋለሁ።