የሮጠ ይድከም

ሩጫ የሞኝ ሥራ መሆኑ እዚሁ ጎረቤታችን፣ ላንዶቨር ላይ ተረጋግጧል። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ የኒውዮርክ ጃያንትሶች እየተላተሙ፣ እየወደቁ 3 ጊዜ የመጨረሻውን መስመር አልፈው ገቡ፤ በ6 ነጥብ ሒሳብ 18። የእኛዎቹ የዋሽንግተን ኮማንደርሶች አንዴም አልገቡም። በዚያው ሳምንት የተቀጠረው መቺያችን ኦስቲን ሳይበርት ግን ንጹሕ ማሊያውን እንደለበሰ ብቅ እያለ ኳሱን 7 ጊዜ መትቶ በግቡ እንጨቶች መሀል አሳለፈ፤ በ3 ሲባዛ 21። አሸነፍን!

የጃያንትሱ መቺ ግርሃም ጋኖስ? ገና በመክፈቻው ምት ኳስ የያዘውን ሰው ሲያሳድድ ጡንቻው ተጎዳ። መቺ ሆኖ መሮጥ ምን ይሉታል?

ራግቢም አላሳፈረንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኒውዚላንድ ሮጣ መስመር አለፈች፤ ደቡብ አፍሪካ በ4 ምት ብቻ 12 ለ 11 ዋንጫውን ወሰደች።

ስለዚህ «ለሚሮጥ ነጥብ ይጨመር» ባዮችን አትስሟቸው። ሯጮቹ ይቀነሱ፣ ደመወዛቸው ለመቺው ይሰጥ። መቺውስ ለምን ሜዳ ድረስ ይደክማል? ነጥቡን ከቤቱ ይላክ። አበበ ቢቂላም ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከሚለፋ፣ ከመነሻው አንዴ ለግቶ ቁጭ ቢል ወርቁን የሚከለክለው አልነበረም።

ልጆቻችሁን ቅዳሜ ጠዋት ለሩጫ ልምምድ የምታመላልሱ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ወላጆች፣ እባካችሁ ቤንዚናችሁን ቆጥቡ።