በጨዋታ ዓለም ማዕረግ ያለ ልክ ስለ መፍጠኑ ከቦሳ ኪቶ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! መብራት ያለህ ከስክሪንህ ቀና ብለህ፣ መብራት የጠፋብህ ከጎረቤትህ ጄኔሬተር ፈንጠር ብለህ አድምጥ!

ሞዐ ዘንዶ ዘእምነገደ ቦሳ ኪቶ፣ ሥዩማነ ኮኔክሽን፤ እኛ በጅማ ከተማ በቦሳ ኪቶ የምንኖር፣ ዕድሜያችን አርባን የተሻገረ፣ ወገባችን በኢንተርኔት ቤት ወንበር የጎበጠ፣ ዓይናችን ሌሊት ሌሊት በስክሪን ብርሃን የፈዘዘ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ ከአዌቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ላለኸው፣ በአጋሮም በሊሙም በማናም አንገትህን ስልክህ ላይ ደፍተህ ለምትገኘው ወጣት ሁሉ ሰላምታችንንና ቁጣችንን ባንድ ፖስታ አሽገን ልከንልሃል።

እኛ ማን እንደ ሆንን የማያውቅ ቢኖር ይወቅ። ከመካከላችን ውጭ አገር ዘመድ የነበረው በዘመዱ ካርድ በተከፈለ ሒሳብ የተጫወተ ነው፤ ዘመድ ያልነበረው ደግሞ ከተጫዋቹ ጀርባ ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ! ሽሽ እንጂ!» እያለ የመከረ ነው። ቆሞ መምከርም የራሱ መከራ ስላለው ሁለቱም ወገኖች በዚህ አዋጅ ፊት እኩል ናቸው።

አዋጁን ያስወጣን ምክንያት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 (ከዚህ በታች የኩባንያውን ዓመታት የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ ዕዳ በፈረንጅ ይቆጠር ብለን) ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተሰኘውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፣ ልጆች «ሌቭል» የሚሉትን ማዕረግ ከ1 ተነሥቶ አንድ በአንድ እየወጡ 60 መድረስ ወራት የሚፈጅ ተጋድሎ ነበር። ችግኝ ተክለን የመጀመሪያውን ፍሬ ለመልቀም ሦስት አራት ዓመት የምንጠብቅ የቡና አገር ሰዎች ስለ ሆንን፣ ይህ መዘግየት ከባሕርያችን ጋራ የተስማማ ሆኖ አገኘነው። ተጫዋቹ ተኩላ ሲያሳድድ መልሶ ተኩላ ያሳድደዋል፤ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው አንዲት ደብዳቤ ለማድረስ በእግሩ ሲጓዝ ከመንገድ ወድቆ ይሞታል፤ ነፍሱም ከመካነ መቃብር ተነሥታ፣ ሜዳውንና ተራራውን አቋርጣ፣ ወደ ወደቀው ሥጋዋ በእግሯ ትገሰግሳለች፤ ከሥጋዋ ጋራ ተዋሕዳ ትንሣኤ ባገኘች በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያው ተኩላ ዳግመኛ ይገድላታል። ትዕግሥት የሚባለውን ምግባር ከሊቅ ሳይሆን ከተኩላ የተማረ ትውልድ የተፈጠረው እንዲህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ያቆሰለው ግን የፈረሱ ነገር ነው። ስለ ፈረስ ክብር ለጅማ ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ሲወደሱ፣ በጊቤ አገርም ጀግናው «አባ» ተብሎ በፈረሱ ስም ሲጠራ፣ ፈረስ ከመጓጓዣነት አልፎ የሰው ምስክር ነበረ። በጨዋታውም ዓለም ፈረስ የሚፈቀደው 40ኛውን ማዕረግ ለረገጠ ብቻ ነበር፤ ፈቃዱ ቢገኝ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረምና፣ ስንቱ ጎልማሳ 40 ገብቶ፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ባለፈረሶች አቧራ እያለበሱት ሲያልፉ፣ እስከ 42 እስከ 43 በእግሩ ተንከራተተ! ከመካከላችን አንዱ ፈረሱን በገዛበት ሌሊት ወደ ጦርነትም ወደ ሥራም አልሄደም፤ ሰው ያየው ዘንድ በከተማው አደባባይ ዙሪያውን ሲዞርበት አደረ፤ የኢንተርኔቱንም ሒሳብ በዱቤ አስያዘ። ይህ ሁሉ ክብር ምን ሆነ? ኩባንያው በ2008 ፈረሱን ወደ 30 አወረደው፤ በ2009 ወደ 20፤ በ2020 ወደ 10። ዛሬ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ገጸ ባሕርይ ከእናቱ መንደር ሳይርቅ በፈረስ ይቀመጣል። ማን ብለን እንጥራው? አባ ምን?

በደሉ በዚህ አላበቃም። በ2007 ከ20 እስከ 60 ላለው መንገድ የሚጠየቀው ነጥብ ተቀነሰ፤ በ2008 ወዳጁን ወደ ጨዋታው ጠርቶ አብሮት ለተጓዘ ሦስት እጥፍ ነጥብ ተሰጠ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ርስትና ጉልት በተሻረባት አገር ለምንኖር ለእኛ እስኪገርመን ድረስ፣ በዚያው በ2008 ካንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ሌላው የሚወረስ ለምድ ወጣ፤ በትከሻው የጣለው እስከ 2020 ድረስ ገና ከጀማሪነቱ ነጥቡ በመቶ 10 እየጨመረ ይፈስስለት ነበር። በ2014 ግን ኀፍረት ፈጽሞ ተነሣ፤ 60 ዶላር ለከፈለ 90ኛው ማዕረግ በአንድ ጠቅታ ተሸጠ። በአባቶቻችን ዘመን ከግራዝማችነት ወደ ደጃዝማችነት ለመሻገር የጦር ሜዳ፣ ያ ባይሆን የብዙ ዘመን ደጅ ጥናት ያስፈልግ ነበር። (በአገራችን ነገሩ የተገለበጠ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ ኅሊናችን ይወቅሰናል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፣ ከመቶው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ሦስት ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከደብተሩ ይልቅ ወደ ጨዋታው ለምን እንዳዘነበለ የሚጠይቁ ወላጆች ይህን ሦስትና ያንን 90 ያስተያዩ።)

ማዕረጉ ላይ ማዕረግ እየተጨመረ 120 በደረሰ ጊዜ ደግሞ፣ በኦክቶበር 2020፣ በአንድ ማክሰኞ፣ 120 ሆኖ የተኛ ሁሉ 50 ሆኖ ነቃ። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ብዙ ሹም ሽር አይታለች፤ ሁሉንም ባንድ ሌሊት የሻረ ግን አላየችም።

ፍርድ እንዳናጓድል የኩባንያውንም ምክንያት እናስቀምጥ። በየሁለት ዓመቱ ገደማ አዲስ አገርና አዲስ ማዕረግ ከላይ በተጨመረ ቁጥር ነባሩ ሕዝብ ወደ ላይ ፈለሰ፤ የታችኛው አገር ባዶ ቀረ። አዲስ የመጣ ሰው አምስት ሆነው የሚገቡበት ዋሻ ደጃፍ ላይ ቆሞ አራት ጓድ ቢጣራ የሚሰማው አጣ፤ ጓደኞቹ ከብዙ ተራራ በላይ ናቸውና። እንግዲህ መንገዱ ያጠረው ለሰነፍ ታዝኖ ብቻ አይደለም፤ ብቸኛው ሰው ሰው ወዳለበት ቶሎ ይድረስ ተብሎ ነው። ምክንያቱ እውነት በመሆኑ ይበልጥ ያናድደናል።

ደግሞም የቀድሞው ዘመን ይመለስልን ብለን በዓለም ዙሪያ የጮኽን ሁሉ በኦገስት 2019 ጩኸታችን ተሰማልን፤ አሮጌው ጎዳና ከነአቧራው፣ ከነተኩላው ተከፈተ። ሽማግሌዎች ዕንባ አቅርረን «አሁን ይማራሉ» አልን። የመጀመሪያው ሰው 60 የገባው በሦስት ቀን ከጥቂት ሰዓት ነው።

ባለፈው ሰሞንም ከመካከላችን አንዱ በሰፈራችን ባለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ልጁ ሚኒሶታ ያለ አጎቱ በሚከፍልለት ሒሳብ ይጫወታል፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ሽማግሌ ችግሩን ለመናገር አፉን ሲከፍት፣ ፊደሉ በስክሪኑ ሳይረጋ «ተቀበል» የሚለውን እየነካ ያልፋል። «ልጄ፣ እኚህ አዛውንት ምን አሉህ?» ቢለው፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «ጋሼ፣ አሥር ከርከሮ ግደል ነው የሚሉት፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» ሲል መለሰለት። ወንድማችን የቁጣ ቃል ቢፈልግ አጣ፤ እኛ በዚያን ዘመን ቁጭ ብለን፣ መዝገበ ቃላት ገልጠን ስናነበው ያለን ያንኑ ነበርና።

በእንተዝ፣ ተሰብስበን፣ መክረን፣ ሁለት ጊዜም ተጣልተን፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ከ40 በታች ፈረስ ክልክል ነው። በ10 የተቀመጠ ወርዶ ይጎትተው።

አንቀጽ 2፤ ስለ እንቅልፍ። በዚህ ጨዋታ በእንግዳ ማረፊያ ወይም በከተማ ገብቶ፣ ጨዋታውን ዘግቶ ያረፈ ሰው፣ በተመለሰ ጊዜ ከሚገድለው አውሬ እጥፍ ነጥብ ያገኛል። ይህ ሥርዓት በሙከራው ዘመን ሲጀመር ሌላ መልክ ነበረው፤ ረጅም ሰዓት የተጫወተ ሰው ነጥቡ በግማሽ ይቀነስበት ነበር። ሕዝቡ «ተቀጣን!» ብሎ ጮኸ። ኩባንያው ስሌቱን እንዳለ ትቶ፣ ግማሹን መደበኛ፣ ሙሉውን እጥፍ አድርጎ ቢያውጅ ያው ሕዝብ አመሰገነ። የዓለም ገንዘብ ሚኒስትሮች ሁሉ ይህን ምዕራፍ ተቀምጠው ሊያጠኑት ይገባል። እኛም ሥርዓቱን አጽንተን፣ መብራት በጠፋ ሰዓት ተገድዶ የተኛም እንደ ዐራፊ ይቆጠር ብለን ወስነናል፤ በዚህም ስሌት የቦሳ ኪቶ ልጅ ከዓለም ተጫዋቾች ሁሉ ይልቅ ያረፈ፣ ስለዚህም ከሁሉ የፈጠነ መሆን ሲገባው ለምን እንዳልሆነ የሚመረምር ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው መብራት ሲመጣ ይሰበሰባል።

አንቀጽ 3። በገንዘብ የተገዛ ማዕረግ በሠርግም በልቅሶም አይጠራም። ገዝቶ የተገኘ ሰው ስልኩን ለእናቱ አስረክቦ፣ ከአቦል እስከ በረካ ካንድ በርጩማ ሳይነሣ ይቀመጣል፤ በመካከሉ «አልቋል?» ብሎ የጠየቀ ጀበናው እንደ ገና ይጣድለታል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ንስሓ። በፍጥነት የበደለና የተጸጸተ፣ ጃጌክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2001 ወደ ከፈተው፣ የድሮ መልኩም በ2013 ወደ ተመለሰው ወደ ሩንስኬፕ ሄዶ ዛፍ በመቁረጥ ቀኖናውን ይፈጽማል። በዚያ አገር 99ኛው ማዕረግ 13,034,431 ነጥብ ይጠይቃል፤ አንድ የአኻያ ግንድ የሚሰጠው 67 ተኩል ነው። አኻያ መቁረጥ ከሚፈቀድበት ከ30ኛው ማዕረግ ጀምሮ ሌላ ዛፍ ሳይነካ ቢቀጥል፣ ወደ 193 ሺህ የሚጠጋ ግንድ ይጠብቀዋል። 92 በደረሰ ጊዜም «ጨረስሁ» ብሎ ለጓደኞቹ ከማወጁ በፊት ይህን ይወቅ፤ ማዕረጉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ነጥብ ስለሚያብጥ፣ 92 የመንገዱ እኩሌታ ነው። የጥንት መነኮሳት ይህን ቢያገኙት ኖሮ ገዳም ለመሥራት ባልደከሙ ነበር። ታላቁ ነገር ግን ይህ ነው፤ ይህ ቀኖና ከመጀመሪያው ግንድ እስከ መጨረሻው ሳንቲም አይጠይቅም።

አንቀጽ 5። እዚህ ላይ ቁጣችን ፊቱን ያዞራል። ከጁን 2011 ጀምሮ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ማንም ሰው በነጻ መጀመር ይችላል፤ የሚሄደው ግን እስከ 20ኛው ማዕረግ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በወር 15 ዶላር ገደማ ይጠየቃል፤ የሚከፈለውም የውጭ ምንዛሪ በሚያስተናግድ ካርድ ነው። እንግዲህ አራት አንቀጽ ሙሉ የጮኽንበት ፍጥነት ለቦሳ ኪቶ ልጅ ምን ፈየደለት? ፊት በብዙ ቀን ይደርስበት የነበረውን የተቈለፈ በር ዛሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደርስበታል። ፈረሱ ላይ ተቀምጦ፣ በእንቅልፍም በርትቶ፣ በሩ ሥር ይቆማል። መንገዱን ያሳጠሩት ለከፋይ ነው፤ ላልከፈለው እስከ ጫፍ ድረስ የተተወለት መንገድ አኻያ የሚቆረጥበቱ ብቻ ነው። ልጆቹን «ፈጠናችሁ» ብለን ስንቆጣ፣ ከመካከላቸው የፈጠኑት ሚኒሶታ አጎት ያላቸው ኅዳጣን መሆናቸውን አንዱ የጉባዔያችን አባል (ከኋላ ቆሞ ይመክር የነበረው ነው) ባነሣ ጊዜ፣ ጥቂት ዝም ብለን ቡናው እንዲደገም አዘዝን።

ስለዚህም በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቶሮንቶና ካርድ በሚሠራበት አገር ሁሉ የምትገኙ የጅማ ልጆች ሆይ፣ በበዓል ጊዜ ሽቶና ሸሚዝ ለምትልኩለት የወንድምና የእኅት ልጅ አንድ ወር ጨምሩለት፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይፍጠን፣ እንደ ማንኛውም ሰውም ይሰልቸው። ይህን ስታደርጉ አንቀጽ 1 እና 3 በእናንተ ፈቃድ ሊላሉ ይችላሉ፤ ስለ ፈረሱ ግን ከተቻለ 30 ብትሉን ደስ ይለናል።

ይህ አዋጅ በጅማ መብራት ሳይቋረጥ ከዋለበት ከመጀመሪያው ሐሙስ ገበያ ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው በነጻ የሚኬደው 20 ድረስ ነው።