ጉርሻ ቆጣሪና እንጀራ ፈቺ

ድሮ ሰው ሲወፍር «ደላህ!» ተብሎ ይመረቅ ነበር፤ ሲከሳ ደግሞ «ምን አገኘህ?» ተብሎ ጠበል ይታዘዝለት ነበር። ዘመኑ ተገላበጠና ዛሬ ቦርጫም ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ፎቶ ይነሳል፤ የከሳው «በምን ቀነስከው?» እየተባለ ይከበባል። መልሱም ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ካርብ ትቼ»፣ ወይ «ካሎሪ ቆጥሬ»። ሦስተኛውን መልስ፣ «የቤት ኪራይ ተጨምሮብኝ» የሚለውን፣ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

እኛ መሥሪያ ቤት ሁለቱም ወገን ተወካይ አለው። አንደኛው የሂሳብ ክፍሉ ሰው ናቸው፤ «ጋሽ ካሎሪ» ከተባሉ ወዲህ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሰው ፔሮሉ ብቻ ነው። የጎደለ ደረሰኝ ሲያሳድዱ የኖሩበትን ዓይን ወደ ሳህን አዛውረውታል። ሌላዋ ከሽያጭ ክፍል ናት፤ «ኬቶ» እንላታለን። እንጀራን ፈትታ ሥጋ ያገባች። ምሳ ሰዓት አንድ ትሪ ከብበን ስንቀመጥ እኛ እንበላለን፣ እነሱ ይተራረባሉ። እኔም ከወጡ እየጠቀስኩ ከነሱ እቃርማለሁ።

— ጋሼ፣ የዛሬውን ምሳ ስንት ብለው መዘገቡት?

— 600።

— ከአንድ ትሪ ለአምስት እየበላን እንዴት አወቁት?

— ጠቅላላውን ለአምስት አካፍዬ ነዋ!

— ማካፈሉንስ አካፈሉ፤ እጅዎ ግን ክፍፍሉን አልሰማም።

ልጅቷ የነካችው ዋናውን ቁስል ነው። ይህ ቆጠራ የተወለደው ሰው ሁሉ የየራሱን ሳህን ይዞ በሚቀመጥበት አገር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ዊልበር አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1890ዎቹ ኮነቲከት ውስጥ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ እየዘጋ፣ የሚበላውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት ሲለካ ከረመ። ዛሬ በየፓኬቱ ጀርባ ያለው ሂሳብ፣ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4፣ ስብ 9 ካሎሪ የሚለው፣ የእሱ ልፋት ነው። በ1918 ደግሞ ሉሉ ሃንት ፒተርስ የተባለች የሎስ አንጀለስ ሐኪም ዳቦውን በቁራሽ ሳይሆን በካሎሪ ጥሩት ብላ መጽሐፍ ጻፈች። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተቸበቸበ።

ፒተርስ ግን ጉርሻ የሚባል ነገር አልደረሰባትም። ጉርሻ ስንት ካሎሪ ነው? የሚወስነው የአጉራሹ እጅ ነው። አክስት ስታጎርስ አንድ ነገር ነው፤ በሠርግ ቀን የሙሽራው አጎት ሲያጎርስ ግን ጉርሻው ራሱን የቻለ ምሳ ነው። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛው በ«በሞቴ» ታጅቦ ይመጣል። «ይቅርታ እትዬ፣ የዛሬ ኮታዬ ሞልቷል» ብለህ አፍህን ብትዘጋ ካሎሪው ይቀርልሃል፤ ዘመዱም አብሮ ይቀርብሃል።

ጋሽ ካሎሪ ለዚህም መላ አላቸው። «ጉርሻ በስጦታ የገባ ስለሆነ በእኔ ሂሳብ አይመዘገብም» ይላሉ። ይህን ከሂሳብ ሠራተኛ አፍ የሰማ ኦዲተር ፈቃድ ወጥቶ መታከም አለበት።

እንዲህ ያለው የሂሳብ አያያዝ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1992 በኒው ዮርክ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። «ብንራብም አንቀንስም» ብለው የሚማረሩ ወፍራም ሰዎችን ይዞ ሁሉን ነገር በወጉ ቢለካ፣ ከበሉት 47 በመቶውን ሳይናገሩ ቀርተዋል፤ የተንቀሳቀሱትን ደግሞ በ51 በመቶ አጋነዋል። ሰዎቹ ዋሾ አልነበሩም። ሆድ በራሱ ላይ አይመሰክርም፣ ያ ነው።

እኛ ዘንድ የሚሰወረው ግማሽ የት እንደሚደበቅ ልንገራችሁ? ወጡ ውስጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። የካፌያችን ወጥ ሠሪ ግን ዘይት በማንኪያ ለክታ አታውቅም፤ ከጄሪካኑ «እስኪበቃው» ታንቆረቁራለች። «እስኪበቃው» የሚባል መለኪያ በስልኩ አፕ ውስጥ የለም። ጋሽ ካሎሪ ፈልገው ቢያጡት «ሽሮ፣ መካከለኛ» የሚለውን ነክተው በሰላም ቀጠሉ። መካከለኛው ሽሮ ትሪው ላይ ዙሪያውን ዘይት ጥሎ ይፍለቀለቃል።

— ጋሼ፣ ሽሮው ዋና ሊያስተምርዎት ነው እንዴ?

— አንቺ ሥጋ ላይ ቅቤ ስታፈሺ አየሁሽ አይደል? ቅቤና ዘይት እኮ በካሎሪ ወንድማማች ናቸው።

— የኔ ቅቤ ያጠግበኛል፤ የእርስዎ ዘይት ግን እንጀራ ይጠራል።

ይሄኛው ነጥብ የሷ ነው። ጋሼ ብቻቸውን ሲነደፉ ኬቶ ተደላድላ እንድትስቅ ግን አልፈቅድም።

— እውነት አራት ኪሎ ቀነስሽ?

— በሁለት ሳምንት፣ ጋሼ!

— አራት ኪሎን መንግሥት እንኳ በሁለት ሳምንት አላነሣውም።

ጥርጣሬያቸው መሠረት አለው። ሰውነት ካርቦሃይድሬቱን ግላይኮጅን አድርጎ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቸዋል፤ አንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውኃ አቅፎ ነው የሚቀመጠው። እንጀራና ዳቦ ሲቋረጥ ጎተራው ይራገፋል፤ ውኃውም ተከትሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ድል ባብዛኛው ሽንት ቤት የቀረ ውኃ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው፤ በሁለት ሳምንት አራት ኪሎ ስብ ለማቅለጥ በየቀኑ 2,200 ካሎሪ መጉደል ነበረበት። ጋሼ ይህን ሁሉ በሶፍት ላይ አስልተው ሰጧት። አፏን ጠረገችበት።

— ለመሆኑ ይሄን ዳይታችሁን ማን ጀመረው?

— ባንቲንግ የሚባል የለንደን ሰው። ዳቦ፣ ስኳር፣ ድንችና ቢራ ትቶ ቀነሰና በ1863 ጽፎ አሳተመው።

— ሥራው ምን ነበር?

— ቀብር አስፈጻሚ።

— ሬሳ ሳጥን ሻጭ ነው አመጋገብ የሚያስተምርሽ?

— ደንበኞቹን አይቶ ነዋ የባነነው!

ዊልያም ባንቲንግ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት፣ ደረጃ ሲወርድ ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ የሚወርድ ሰው ነበር። ዳቦውን ያስተወው ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ነው። ጽሑፉ ከመታወቁ የተነሳ ስሙ በእንግሊዞች አፍ «ክብደት መቀነስ» ለማለት ግስ ሆነ። ባንቲንግም ሳጥን ውስጥ ሳይገባ እስከ 81 ዓመቱ ቆየ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ሮበርት አትኪንስ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ሥጋውንና ቅቤውን ጨምሮበት በሰፊው ቸበቸበው። በ2003 በረዶ አዳልጦት ወድቆ ሞተ።

— ያዳለጠው ቅቤው ነው!

— በረዶ ነው ጋሼ፤ በረዶ ካርብ የለውም።

ኬቶ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን በቅቤ ትጠጣለች። ከአሜሪካ የመጣ አዲስ ግኝት ነው ብላ ስታስረዳን በጉራጌ እናት ያደገው ዘበኛችን እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

የሷ ዋና ተቃዋሚ ግን ጋሽ ካሎሪ አይደሉም፤ ረቡዕና ዓርብ ናቸው። ጾመኛ ናት። በፍስክ ቀን ክትፎዋን በአይብና በጎመን ታዛለች፤ «ቆጮው ይቅር» ስትል አስተናጋጁ የተሰደበ ያህል ይሰማዋል። ጾም ሲገባ ግን ሥጋ የለ፣ ዕንቁላል የለ፣ አይብ የለ። ሽሮው ካርብ፣ ምስሩ ካርብ፣ ድንቹ ካርብ፣ እንጀራው የካርቦች ሁሉ አባት። የሚቀራት ጎመን፣ ሰላጣ፣ አቮካዶና ጸሎት ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። «ጎመን በጤና» ለሌላው ተረት ነው፤ ለሷ ሜኑ ነው።

— አንቺ ልጅ፣ የከሳው ወገብሽ ነው ወይስ ደመወዝሽ?

— ሁለቱም፣ ጋሼ። የሥጋውን ዋጋ ያውቁት የለ!

ቀልዱን ትተን ግን፣ ኬቶን የማልነካበት አንድ ቦታ አለ። ይህችን ልጅ የሚሳለቅባት ሰው ማካሮኒ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ዳቦ በጎን አስጨምሮ፣ ለስላሳ እየደፋበት «ጾም ነው፤ ምን በላሁና!» የሚል ሰው ነው። ሩዝ በእንጀራ አይተናል። ድንች ወጥ በእንጀራ ቀለባችን ነው። ከአንዱ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ብቻ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ማኪያቶው በሦስት ስኳር ይከተላል። ይህን ሰው ስልክ ይዘህ ቁጠር ብትለው እስከ ማታ አይጨርስም። «ይሄን ተው» ብትለው ግን ይገባዋል። ካርብ መቀነስ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው፤ ማባዛትና ማካፈል አይጠይቅም። የጋሼ ቆጠራም ከንቱ አይደለም፤ ለውዙን እየቆረጠመ «ይሄማ ጤና ነው» የሚለውን ሰው በአንድ እፍኝ ስንት እንደዋጠ ያሳየዋል። አንድ ነገር ብቻ ሳልቀልድ ልበል፦ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ካርቡን ድንገት ካቋረጠ ስኳሩ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ይሄ ተረብ የለውም።

ወደ ትሪው እንመለስ። አንድ ቀን ሁለቱን የሚያስታርቅ ዳኛ ይዤ መጣሁ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰው ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ካርብ፣ ሌላውን ወገን ስብ አስቀንሰው ዓመት ሙሉ ተከታተሉ። ውጤቱ በ2018 ወጣ። ካርብ የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ስብ የቀነሱት 5.3 ኪሎ ጣሉ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሁለቱም ወገን ስኳርና ነጭ ዱቄት እንዲሸሹ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተመክረዋል። አንብቤ ስጨርስ ዝም ይላሉ ብዬ ነበር።

— አየሽ? እኩል ነው! ካሎሪ ካሎሪ ነው!

— ጋሼ፣ ሰዎቹ እኮ ካሎሪ ቁጠሩ አልተባሉም። ሳይቆጥሩ ነው የከሱት!

— ሳይቆጥሩስ ቢከሱ የጎደለባቸው ምንድን ነው? በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ቀንሶላቸዋል!

— ሳይቆጠርም የሚቀንስ ከሆነ ታዲያ ቆጣሪው ለምን ያስፈልጋል?

— እኔ ጡረታ ልውጣ ነው የምትይው?

ዳኛውን ጠራሁት እንጂ ጠቡን አላበረደልኝም። አማካዩን ትተው ዝርዝሩን ቢያዩት ደግሞ ይብስ ነበር። ከሁለቱም ወገን ሠላሳ ኪሎ ገደማ የጣለ ሰው ነበረ፤ ዓመት ሙሉ ተመክሮ አሥር ኪሎ ገደማ የጨመረም ነበረ። የሰውየው መጨመር ለጋሼ ማስረጃ ነው፤ «አልቆጠረም» ይላሉ። ለኬቶም ማስረጃ ነው፤ «ዳቦ ሰርቋል» ትላለች። ከዚያ በፊት በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት ካርብ የተዉት እስከ ስድስት ወር ቀድመው፣ ዓመት ሲሞላ ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ኬቶ ስድስት ወሩን ብቻ ትጠቅሳለች። ጋሼ ዓመቱን ብቻ። እኔ የምጠረጥረው ከስድስት ወር በኋላ ሠርግ እንደተጠሩ ነው።

ክርክሩ በአፍ አልለይ ሲል ከግቢው በር ፊት ለፊት አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ልጅ ሄዱ። ጋሽ ካሎሪ ኮታቸውን አወለቁ፤ ቀበቶ ፈቱ፤ የመኪና ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መነጽር ለእኔ አስረከቡ። በመጨረሻ ጫማቸውን አወለቁ።

— ስልኩንም ያስቀምጡት፣ ጋሼ። ካሎሪው ሁሉ የተጠራቀመው እዚያ ውስጥ ነው።

— አንቺ መጀመሪያ ያን የቡና ቅቤ ከከንፈርሽ ጥረጊ።

ወጡ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

— ከትናንትናው አንድ ኪሎ ቀንሰዋል፣ ጋሼ።

— ሰማሽ? በቁጥር ነው የምናወራው!

— ትናንት ግን ከነጫማዎ ነበር የወጡት፣ አለ ልጁ።

ኬቶ ጫማውን አንስታ አገላበጠችው።

— የበሬ ቆዳ ነው፤ ካርብ የለውም። ኪሎው በእኔ ስም ይመዝገብ!