መጫኛ የሌለው ብስክሌት

ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በብስክሌት የሚወጣ ሰው፣ ብስክሌቱ ተሸካሚ እሱ ተጫኝ መሆኑ ቀርቶ የተገላቢጦሽ ይሆንበታል። ካሊፎርኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ይህ አይገባውም። እሱ በየጥቅምቱ በሰሜን ካሊፎርኒያ ደን መሐል ባሉ ትንንሽ ከተሞች ይጋልባል። ወቅቱ የካናቢስ አዝመራ ነውና፣ መቀስ የተሳለበት ካርቶን ይዘው መንገድ ዳር ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች ያጋጥሙታል። ይህን በስልክ ሲያወራልኝ እኔ የጫካ ሠራተኛ አይቼ የማላውቅ ይመስለዋል።

እኛም ጋ እኮ ቅጠል ይሰበሰባል! ክረምቱ ወጥቶ፣ ኅዳር 6 የቁስቋም ንግሥ ሲቃረብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይደርቃል። ያኔ ጭራሮ ለቃሚ ሴቶች ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። ልዩነቱ፣ የዚያኛው ቅጠል ያስቃል አሉ፤ የእኛው እንጀራ ያስጋግራል። ካሊፎርኒያ ቅጠሏን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፈቃድ በሱቅ ትሸጣለች፤ የእኛዎቹ ግን ዛሬም የደን ጥበቃ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

አንዴ ከዳገቱ ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም ያዘሉ እናት ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ። ብስክሌቴን ከጎማው እስከ መሪው አዩት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር መጫኛ የለውም?»

«የለውም፣ እማማ። ለስፖርት ነው።»

«ታዲያ ባዶህን ወጥተህ ባዶህን ልትወርድ ነው?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ እስካሁን እያሰብኩ ነው። የራስ ቁሬ፣ ጓንቴ፣ የውሃ ኮዳዬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኑብኝ። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው ቁልቁል ቀጠሉ።

ያ ሸክም ታሪክ አለው። ድሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ባለቀ ጊዜ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው አዲስ አበባን ባለችበት ያቆያት። ዛፉ ብቻውን ግን ወደ ምድጃ አልወረደም፤ በሴቶች ጀርባ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ለብስክሌተኛ የሚሆን ጥሩ መንገድ አለ፤ ለሸክም ግን የተለየ መንገድ አላየሁም።

ስለዚህ ከእንጦጦ ቁልቁል የምትበሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቁስቋም ስትደርሱ ፍሬን ያዙ። ጭራሮው በአግድም ስለሚታሰር መንገዱን ይሞላል፤ ያዘለችውም ሴት ዞር ብላ ልታያችሁ አትችልም። ዳር የምትይዙት እናንተ ናችሁ።