እሳት ሳይነድ ስለሚሠራ ስንቅ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆድህ እየጮኸ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ቁልቁል እየወረድህ ወደ ኬክ ቤት የምትገሰግስ፤ መስታወት ውስጥ ያደረ ሳምቡሳ በጣትህ የምትጠቁም፤ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ፊት ቆመህ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለች ጣት የምታህል ነገር በምሳ ዋጋ የምትገዛ፤ ይህ አዋጅ የወጣው ላንተ ነው።

መግቢያ

አበበ ምን እንደበላ ፊደል በቆጠረበት ዓመት የተማረ ሕዝብ፣ አድጎ ደመወዝ መቁጠር ሲጀምር አበበን ከነምግቡ የረሳ በመሆኑ፤

«ኢነርጂ ባር» እየተባለ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነገር ቢመረመር፣ እህልና ቅባት በጣፋጭ ተለውሶ የተጨበጠ ከመሆን ያላለፈ ሆኖ ስለተገኘ፤

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ የቢሊያርድ ኳስ በሚያህል መጠን አድቦልቡለው፣ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙና አንዷ ድቡልቡል ቀኑን ሙሉ አበርትታ እንደምታውላቸው ጽፎ ሳለ፣ ያንኑ ቡና በቅቤ ዛሬ ፈረንጅ እንደ አዲስ ግኝት ሲያስተዋውቅልን አፍ ከፍቶ መስማት ለጓዳችን ክብር የማይመጥን በመሆኑ፤

መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ማንም አስቀድሞ ስለማያውቅ፣ የሚመጣበትንማ ጭራሽ፤

እኛ የጓዳው ሹሞች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«ኃይል» ማለት ካሎሪ ማለት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ተራራ የሚዘለውን ወጣት አይጨምርም። 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ 1 ግራም ስኳር ደግሞ 4 ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ ቅቤ የጠገበ ጭኮ ኃይል እንዳለው ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጠዋት በልቶ እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ያላሰበ ሰው ምስክርነት ይበቃል።

«እሳት የማይነካው» ማለት ዛሬ፣ በአንተ እጅ፣ እሳት የማይነካው ማለት ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ በሶ እስኪሆን ድረስ እናትህ ምጣድ ፊት ተቀምጣ የጠጣችውን ጭስ ይህ አዋጅ አይቆጥርም። በዚህ ነጥብ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ከአርቃቂዎቹ አንዷ እመቤት «ጭሱን የጠጣ ያውቀዋል» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ስለወጡ ውይይቱ ያለ ውሳኔ ተዘግቷል።

በዚህ አዋጅ በሴት ጾታ የተደነገገው ወንድንም ይጨምራል። በተለይ ወንድን። እጅህን ታጠብ።

አንቀጽ 2፦ ስለ ጭኮ

በሶው ሰፊ ገበቴ ላይ ይነፋል። ጨው ጣል ይደረግበታል፤ የሚወድ ኮረሪማ፣ የሚደፍር ሚጥሚጣ ይጨምራል። ከዚያ ንጥር ቅቤ ነው። ቅቤው ረግቶ እንቢ ካለ፣ ከነብርጭቆው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይላላል፤ ለብ ያለ ውሃ ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል እሳት አይባልም። «የሸኖ ነው» ተብሎ ተገዝቶ ቤት ሲገባ ሙዝ ሙዝ የሚሸት ነገር በዚህ አንቀጽ መሠረት ቅቤ አይደለም፤ ሻጩን ፈልጎ ማግኘት ግን ከዚህ አዋጅ ሥልጣን በላይ ነው።

ቅቤው ስንት ይሁን ለሚለው በግራም ልንደነግግ ሞክረን አልሆነልንም፤ ደቆ የተፈጨ በሶ ብዙ ይጠጣል፣ ሸካራው ጥቂት ይበቃዋል። ስለዚህ ፍርዱ ለመዳፍ ተሰጥቷል። ቅቤውን ጥቂት በጥቂት እያንጠባጠብህ በሶውን በሁለት እጅህ እሸው፤ ከዚያ አንድ እፍኝ አንሥተህ ጨብጥና ልቀቀው። የጣቶችህ ቅርጽ ታትሞበት ከቀረ ደርሷል። ከተፈረካከሰ ቅቤ ይጎድለዋል። በጣቶችህ መሐል ቅቤ ከፈሰሰ በሶ ጨምር፤ ያኔ ቅቤ ያንሰዋል፣ ያን ስትሞላ በሶ ያንሰዋል፣ በዚህ ሁኔታ ለሁለት ሰው የተጀመረ ጭኮ ለሠፈር የተረፈበት ቤት እናውቃለን። በማንኪያ ማማሰል ክልክል ነው፤ ማንኪያ የሚያውቀው ነገር የለም።

አንቀጽ 3፦ ስለ ዘመናዊው ድቡልቡል

ይህ አዋጅ አዲስ ነገር አይጠላም። 1 ኩባያ ፍሬው የወጣለት ተምር፣ 1 ኩባያ አጃ፣ ግማሽ ኩባያ የለውዝ ቅቤና 2 የሾርባ ማንኪያ ማር አብሮ ተወቅጦ፣ እጅ በውሃ እየራሰ ተድቦልቡሎ፣ የታመሰ ሰሊጥ ላይ ይንከባለላል፤ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ይጠነክራል። ተምሩ ደርቆ ካስቸገረ አስቀድሞ ይዘፈዘፍ። መፍጫ የሌለው ሙቀጫ አለው፤ ሙቀጫ መብራት አይጠብቅም።

ሆኖም «ስኳር የለበትም» እያሉ ለጎረቤት ማደል በሐሰት መመስከር ነው። 100 ግራም ተምር ውስጥ ከ60 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ይህን እያወቀ የስኳር ሕመም ላለባቸው ለታችኛው ቤት እትዬ «ይብሉ፣ የተፈጥሮ ነው» ያለ ሰው ይጠየቅበታል።

ለውዙ የባቢሌ ቢሆን ደስ ይለናል። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም አፍ ላይ የመረረ ፍሬ ግን ይጣል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ቢቆሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም። አርቃቂዎቹ በእነዚህ በሁለቱ አይቀልዱም። ቀልዱ ከሚቀጥለው አንቀጽ ይቀጥላል።

አንቀጽ 4፦ ክልከላና ቅጣት

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከቤት የተላከ ጭኮ የዶርሙን ደፍ ካለፈበት ሰዓት ጀምሮ የጋራ ሀብት ነው። ሎከር ውስጥ የቆለፈበት፣ ይባስ ብሎም እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲያላምጥ የተሰማ፣ እስኪመረቅ ድረስ ስሙ ቀርቶ «ጭኮ» ተብሎ ይጠራል። ይግባኝ የለውም።

በሶ በሚያምር ብልቃጥ አሽጎ፣ «ሱፐር ፉድ» የሚል ለጥፎ፣ ዋጋውን ሦስት እጥፍ ያደረገ ነጋዴ፣ ብልቃጡን ይዞ አያቱ ፊት ቀርቦ ዋጋውን በቃሉ ይናገራል።

ባለ ወረቀቷን ጣፋጭ በድብቅ ሲገዛ የተያዘ ደግሞ፣ ከጀርባዋ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ያነብባል። «ግሉኮስ ሽሮፕ» ላይ ሲደርስ አያት «እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ከጠየቁ መመለስ ግዴታው ነው።

አንቀጽ 5፦ ስለ ተጓዦች

ዋሽንግተን ላለ ዘመድ በሶ ይዞ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣው ከ23 ኪሎ አልፎ ሚዛን ላይ ቢያዝ፣ ከልብሱና ከበሶው አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል። ልብስ እዚያም አለ።

አንቀጽ 6፦ የተሻሩ ልማዶች

«ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት» የሚለው ሰበብ ተሽሯል፤ በሶ በማርና በውሃ በጥብጦ መጠጣት ጫማ ከማሰር አይበልጥም። ጓል ከሠራ በደንብ አልበጠበጥኸውም፤ እሱም ሰበብ አይሆንም።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ግን በዘይት።